በፎሌ የወረድንባት መኪና

ዘርሁን ጠዋት መኪናዋን ሲያስነሳ እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ እቆጥር ነበር። አውቶማቲክ ናት፤ ማርሹ ወደ ዲ፣ ወደ ፊት መሄጃው፣ ሲገባ ቋ ይላል፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያልኩ መኪናዋ እስክትንቀሳቀስ እጠብቃለሁ። ግንቦት ላይ አንድ ብዬ ሳልጨርስ ትሄድ ነበር። ሰኔ ላይ ሁለት ሆነ። ሐምሌ ሲገባ አራት ድረስ ቆጠርኩ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል፣ መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ስትነሳም ከኋላ ሰው የገፋት ይመስል ዘላ ነው። ሚስቱ ብዙነሽ ስምንት ወር ያለፈውን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከክፍላቸው በር ላይ ታያለች። እሷ ትቁጠር አትቁጠር አላውቅም፤ የእሱ ከንፈር ግን ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

እኔ የወይንሐረግ እባላለሁ። በሱሉልታ ከተማ መዝገብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሌ መኮንን ሲሞት የተወልኝ ግቢ ከኋላው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አንዱን ለዘርሁንና ለብዙነሽ አከራይቻለሁ። ምላሴ ረዘም ያለ እንደሆነ አልክድም። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለምሆን ሰው ይታገሠኛል፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ዘርሁን የሆሳዕና ልጅ ነው። እዚሁ ሱሉልታ ውሃ በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ቀጭንና ዝምተኛ ነው፤ ከአፉ ቶሎ የሚወጣው ቃል "እሺ" ብቻ ነው። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ልጅ ነኝ፤ በጾም ቀን ሥጋ ሲሠሩ ሽታው እንዳይደርሰኝ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ማንም ዝጉ አላላቸውም። የግቢውን የውሃ ፓምፕ፣ የእኔን ምድጃ፣ የጎረቤቱን የኦቦ ዋቆን የወተት ሚዛን ሳይቀር የሚጠግነው እሱ ነው። ዕቃ ከመፍታቱ በፊት እጁን ይታጠባል፤ የፈታቸውን ቡሎኖች በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ውስጥ በቅደም ተከተል ይደረድራል። መኮንን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይወደው ነበር።

መኪናዋን ወንድሙ ዮአብ ነው የተወለት። ዮአብ እንደ ብዙዎቹ ያገሩ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ፣ ቁልፏን ለዘርሁን ሰጥቶ "ሚስትህን አድንባት" ብሎት ሄደ። እንዲህ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት በዚሁ በክረምት፣ ብዙነሽን ምጥ ጀመራት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር፤ ጭጋጉ በሩን አያሳይም። ዘርሁን ኮቱን ለብሶ ልሂድ ሲል፣ የመጀመሪያ ምጥ አይቸኩልም፣ ጭጋጉ ገለጥ ይበል፣ እስከዚያ አጥሚት ትጠጣ አልኩ። ማንኛውም ትልቅ ሰው የሚለውን ነው ያልኩት። ረፋዱ ላይ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ወደ አዲስ አበባ ውሰዷት ተባሉ። አምቡላንሷ ገጠር ሄዳ ነበር። በስንት ልመና ባገኟት ሚኒባስ እንጦጦ ኬላ ጋ ሲደርሱ ደግሞ፣ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃቸው። በኦፕራሲዮን የወጣው ሕፃን አልተነፈሰም። እኔ ያንን የጭነት መኪናና ሹፌሩን ዓመት ሙሉ ስረግም ኖርኩ።

ዘንድሮ ሐኪሟ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራት። ማህፀንሽ አንዴ ተቀድዷል፤ ምጥ ከመጣ ጠባሳው ሊተረተር ይችላል፤ ነሐሴ አምስት ቀን በኦፕራሲዮን እናዋልድሻለን፤ ከዚያ በፊት ቁርጠት ከተሰማሽ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ቤት እንዳትቆዪ አላት። አዲስ አበባ ውስጥ የምታርፍበት ዘመድ የላትም። ባጃጅ ኬላውን አያልፍም፤ በዚያ ላይ ነዳጅ የጠፋበት ሰሞን ስለሆነ ሚኒባሶቹ ግማሹን ቀን ማደያ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ። ስለዚህ ያቺ አሮጌ መኪና ለእነሱ መኪና ብቻ አልነበረችም። ዳገቱን የምታሻግራቸው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም መክዳት ጀምራለች።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። መኮንን ሠላሳ ዓመት በጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ነድቷል። ልጅ ስላልወለድን የሚይዘኝ ነገር አልነበረም፤ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ነኝ። ረዳት ሲጠፋ ዳገት ላይ ወርጄ ጎማ ሥር ድንጋይ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ቁልቁለት ሲመጣ መኮንን ፎሌ ያደርጋታል፤ ማርሹን ነፃ አውጥቶ በገዛ ክብደቷ ይለቃታል ማለቴ ነው። ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ይቀራል፣ እሱም "ይኼ እግዜር የቀዳልን ነዳጅ ነው" ይለኛል። ከሠላሳ ዓመት ትዳሬ እንደዚያ የምናፍቀው ነገር የለም።

ዘርሁን መኪናዋን ካገኘ ወዲህ፣ ግቢዬ በር ላይ ላለችው ትንሽ ሱቅ ዕቃ ለማምጣት በሳምንት ሁለት ሦስቴ አዲሱ ገበያ ይወስደኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን ኬላውን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ፎሌ አድርጋት እንጂ፣ ነዳጁን ስትሰለፍ ውለህ አምጥተህ እዚህ ትደፋዋለህ እንዴ አልኩት። እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ "እሺ እትዬ" አለና ወደ ኤን፣ ወደ ነፃው ማርሽ፣ ገፋው። መኪናዋ ጸጥ ብላ ወረደች፤ እኔም የመኮንንን ታሪክ እያወራሁለት ወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬላው ጋ ስንደርስ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔ ራሴን ስነቀንቅ ፎሌ ያደርጋታል። ታች ስንደርስ እየበረረች ሳለች ወደ ዲ ይመልሳታል፤ ያን ጊዜ ነቅነቅ ትላለች። አሮጌ መኪና አይደለች፣ ብዬ አልፌው ነበር።

አራት ድረስ በቆጠርኩበት ሳምንት ዘርሁን ደብተር ገዛና መኪናዋን እንደ ታማሚ ይከታተላት ጀመር። ቀዝቃዛ ሳለች ስንት ተቆጠረ፣ ከጋለች በኋላ ስንት፣ ወደ ኋላ ስትሄድስ፣ በከባዱ ማርሽ በኤል ላይስ፣ ሁሉን ይጽፋል። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሞክረው፤ ሁለት ነገር ካቀላቀልኩ የቱ እንደሆነ አላውቅም ይላል። ወደ ኋላ ወዲያው እንደምትይዝ፣ ወደ ፊት ግን እንደምትዘገይ፣ ከጋለች ደግሞ ጨርሶ እንደምትንሸራተት አወቀ። የማርሹን ዘይት ለማየት መኪናዋ ደልዳላ ቦታ መቆም አለባት፤ ግቢዬ ደግሞ ያዘነበለ ነው። ግማሽ ውሃ ያለበት የፋብሪካቸውን ጠርሙስ ኮፈኑ ላይ አጋድሞ፣ ውሃው እስኪስተካከል ድረስ ጎማዎቹ ሥር ጣውላ እየጨመረ አስተካከላት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ በነጭ ሶፍት ጠረገ።

"እትዬ፣ ያሽትቱት" አለኝ።

ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ሽታ አለው። ብዙነሽ ምን አገኛችሁ ብላ ከበሩ ጠየቀች። ዘርሁን ሶፍቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ምንም፣ ዘይት መቀየር አለባት አላት። ሲዋሽ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቶ ነበር። 

ዘርሁን አዲሱ ገበያ ከድሩ የሚባል መካኒክ ያውቃል፤ ደወለለት። ከድሩም ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ወርዶ ካልተፈታ መፍትሔ የለውም፣ የሚለወጠው ዕቃ ተፈልጎ እስኪገኝም ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለው። ለቀጠሮው የቀረው አሥራ ስድስት ቀን ነው። ጋራዥ ካስገባት ብዙነሽ ያለ መኪና ትቀራለች፤ ካላስገባት ደግሞ የትኛው ዳገት ላይ እንደምትቆም አይታወቅም። ዘርሁን ያን ቀን ራቱን አልበላም። በማግስቱ የካምቢዮውን ሆድ እዚሁ ግቢ ውስጥ ከፍቼ የቻልኩትን አደርጋለሁ፣ ከድሩ ዘይትና ፊልትሮ ይዞ ይመጣል አለ።

ለመጸዳጃ ቤት ብዬ አስቆፍሬው፣ ቋጥኝ ስለወጣበት ወገብ ድረስ ብቻ ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ አለኝ። በላዩ ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድሞ መኪናዋን በግንዶቹ ላይ አወጣት። የዝናቡን ውሃ በባልዲ ቀድቶ ጨረሰ፣ ከላይ ላስቲክ ወጠረ፣ ከዚያ ገባ። እኔ በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግሁ፤ አላምን ብዬ ደግሞ በየድንጋዩ ጀርባ ሌላ ድንጋይ ጨመርኩ። ግንዱ በጮኸ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ድንጋዮቹን አያለሁ። ያ ሁሉ ብረት ከዚያ ቀጭን ሰው በላይ ነው፤ ብዙነሽ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከድሩ በሞተር ብስክሌት ሲደርስ ዘርሁን ኮፓውን፣ ከካምቢዮው ሥር ዘይቱን የሚይዘውን ሳህን፣ አውርዶ ነበር። ከሳህኑ ወለል ላይ ያለችውን ማግኔት አንስተው በብርሃን አዩዋት። ከድሩ እንደ አመድ የላመ ብረት ቢሆን አያስፈራም፣ ይኼ ግን የሸራ ቅሬት ነው አለ፤ ጥቁር ጭቃ በጣቱ አሽቶ አሳየን። ውስጥ ያሉት፣ የሞተሩን ኃይል ለጎማው የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ተልጠዋል ማለት ነው። ፊልትሮውም በዚያው ጭቃ ተደፍኗል። ከዚያ ከድሩ ቀና ብሎ ዘርሁንን አየው።

"ቁልቁለት ላይ ፎሌ ታደርጋታለህ?" አለው።

እኔ ባልዲውን ይዤ ቆሜያለሁ። ዘርሁን ከጉድጓዱ ውስጥ ራሱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ወደ እኔ ዞር አላለም።

"አዎ፣ አደርጋታለሁ" አለ።

"እንግዲያው የገደልካት አንተ ነህ። ይቺ የጭነት መኪና አይደለችም። በፎሌ ስትለቃት ጎማው ውስጧን ያሽከረክረዋል፣ ፓምፑ ግን የሚበቃትን ዘይት አይገፋላትም። ከዚያ እየበረረች ወደ ዲ ስትመልሳት ሸራው ይላጣል።"

ዘርሁን ልክ ነህ አለ። እሷ ናት ያለችኝ አላለም። እኔም እኔ ነኝ አላልኩም። ባልዲው እጄ ውስጥ ከበደኝ። ብዙነሽን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ያቺ ልጅ ዳገት ላይ ብትቀር ሰበቡ የእኔ ምላስ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ስህተት በመዝገብ ስጽፍ የኖርኩ ሴት የራሴን አንዲት ቃል ማውጣት ተሳነኝ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከድሩ እንዳለው አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ መቀየር ራሱ አደጋ አለው፤ የተላጠው ሸራ ዱቄት ዘይቱ ውስጥ ስላለ፣ የቀረውን ሸራ አሁን የሚያስይዘው እሱ ሊሆን ይችላል። አዲስ ዘይት ብቻ ከሆነ መኪናዋ ከነጭራሹ አልንቀሳቀስም ልትል ትችላለች። ካልተቀየረ ደግሞ ጭቃው አዲሱንም ፊልትሮ ይደፍነዋል። ዘርሁን ከጉድጓዱ ቀና ብሎ "እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለኝ። ሱቅ ሰው መጣ ብዬ ወጣሁ። ማንም አልመጣም ነበር። ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የሳሙና ካርቶን ሳስተካክል ቆየሁ።

ስመለስ ራሱ ወስኗል። ከሳህኑ የወጣውን ዘይት በጠርሙስ ለክቶ ያንኑ ያህል ብቻ አዲስ ይጨምራል፤ በካምቢዮው ውስጥ የቀረውን አሮጌ ዘይት አይነካውም። የወጣውንም አልደፋውም፤ ቢያስፈልግ ብሎ በጨርቅ አጥልሎ በጄሪካን አስቀመጠው። ሳህኑንና ማግኔቷን በቤንዚን አጠበ፣ ፊልትሮውን ለወጠ፣ ዘይት እንዳያንጠባጥብ የሚደፍነውን ጓርኒሲዮን አስተካከለ፣ ቡሎኖቹን ከእንቁላል ካርቶኑ አንድ በአንድ እያነሳ መለሳቸው። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፤ አሥራ ዘጠነኛው ሲገባ እኔም ብዙነሽም እኩል ተነፈስን። ሲያስነሳት ሦስታችንም ቆጠርን። ሁለት ላይ ተንቀሳቀሰች።

ብዙነሽ ሳቀች። ከድሩ ግን አልሳቀም። ይኼ ማቆያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፣ ዳገት ላይ አታስጨንቃት፣ ከጋለች አቁመህ አቀዝቅዛት፣ ቁልቁለቱን ደግሞ በኤል ውረድ፣ ከወሊድ በኋላ አውርደን እንሠራታለን አለው። የራስ ቁሩን ሲያደርግ "አንድ ጊዜ ኬላውን ትወጣ ይሆናል። ለሁለተኛው አልምልም" ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዘርሁን በእግሩ ነው ፋብሪካ የሚሄደው። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ለዚያች ለአንዷ ጊዜ ቆማ ጠበቀች። እኔ በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳልነግረው እውላለሁ።

ምጡ ቀጠሮውን አልጠበቀም። ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት፣ ዘርሁን ለሥራ ሲወጣ ብዙነሽ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ጭጋጉ ልክ እንደ አምናው ነው። ኦቦ ዋቆ ድርቆሽ የሚጭንበት አይሱዙ አለው፤ ሮጬ በሩን ስደበድብ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣና "አዴ፣ ናፍጣ ሂን ጅሩ፤ ጠብታ የለም፣ መኪናዬም ማደያ ነው ያደረው" አለኝ። ተመልሼ ስገባ ዘርሁን ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ መኪናዋ በር ላይ ቆሟል። ብዙነሽ ከኋላ ተኝታለች። እሱ ግን አልገባም፤ ያየኛል። አንድ ነገር የሚጠብቅ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

"ምን ትጠብቃለህ፣ አስነሳ እንጂ" አልኩት።

ሁለት የጉድጓዱን ድንጋዮች እግሬ ሥር አስገብቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ሦስት ላይ ተንቀሳቀሰች። ከተማውን ደህና ወጣን፤ ዳገቱ ሲጀምር ዘርሁን ነዳጁን እንቁላል የረገጠ ያህል በቀስታ ነበር የሚሰጣት። ብዙነሽ አትጮህም፤ ጥርሷን ነክሳ ኢየሱስ፣ ኢየሱስ ትላለች። በመሀል የታችኛው፣ የጠባሳው ቦታ ነው የሚያመኝ አለች። ዘርሁን በመስተዋት አያት። እኔ ወደ ኋላ ለመዞር ፈራሁ።

ለኬላው ጥቂት ሲቀረን፣ መጨረሻው ኩርባ ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ዘርሁን ፍሬኑን ረግጦ የእጁንም ጎተተ፤ የእጅ ፍሬኗ ደካማ ናት፣ አልያዘችም። ከኋላችን ከጭጋጉ ውስጥ የጭነት መኪና ጥሩምባ ይሰማል። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በስድሳ አራት ዓመቴ ድንጋይ ታቅፌ ወርጄ፣ መኮንን እንዳስተማረኝ ከኋላ ጎማ ሥር አስገብቼ በእግሬ መታሁት። ያዘ። ሁለተኛውንም አደረግሁ። የጭነት መኪናው በጎናችን አለፈ፤ ነፋሱ ነጠላዬን ገፎ ወሰደው።

ዘርሁን ሞተሩን አጠፋና ትቀዝቅዝ አለ። አሥር ደቂቃ ቆምን። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ብዙነሽን ሦስት ጊዜ አማጣት። አምና መንገድ ተዘግቶባቸው የቆሙበት ቦታ ከእኛ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፤ እሷም ታውቃለች። የት ደረስን ብላ ስትጠይቅ ደርሰናል አልኳት። መኪናዋን ተደገፍኩ፤ ከዚያ በድንጋዮቹ ላይ እንዳልገፋት ፈርቼ እጄን አነሳሁ።

ዘርሁን አስነስቶ ኤል ውስጥ አስገባት። ቆጠርኩ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባት ላይ ያዘችና ዘላ ሄደች። ዳገት ላይ ከቆመች ዳግም ላትነሳ ትችላለች፤ ስለዚህ እኔን ሳይጠብቅ እንዲሄድ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ጭጋጉ ዋጣቸው። ብቻዬን አስፋልቱን ዳር ይዤ ስወጣ ሞተሩ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ መስማቱ ቀረ። ቆማ ይሁን አልፋ ሄዳ አላወቅሁም። እየሮጥኩ አለቀስኩ፤ ኪዳነ ምሕረትን ለመንኩ፤ የእነሱን ኢየሱስም ጠራሁ፤ ለካ ሰው ሲፈራ ያው አንድ ነው።

ኬላው ጋ ያለችው ደልዳላ ቦታ ላይ መኪናዋ እንድትቀዘቅዝ ቆመው አገኘኋቸው። ገብቼ በሩን ስዘጋ ቁልቁለቱ ከፊታችን ነው፤ ታቹ አይታይም። ዘርሁን እጁን ማርሹ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ፣ እንዴት ልውረድ?" አለኝ።

ከድሩ የነገረውን ያውቃል። ሚስቱ ከኋላ ተኝታ ታምጣለች። እኔ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ ብቻ ይጠይቀኛል። 

"አንተ እንደምታውቀው ውረድ። እኔ አላውቅም" አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

በኤል ወረድን። ሞተሩ እስከ ታች ጮኸ፣ የተቃጠለ ሽታ ገባን፣ እሱ ግን ማርሹን አልነካም። ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናዋ አልሄድም አለች፤ ጥበቃዎቹ ገፍተው አስገቧት። ብዙነሽን በተሽከርካሪ አልጋ ወስደው በሩን ዘጉብን። አንዲት ሐኪም ጠባሳው መሳሳት ጀምሯል፣ አሁኑኑ ነው ብላ ሮጠች።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዘይት የነካ እጁን በሱሪው ይጠርጋል። የዚያን ጊዜ ወጣልኝ። መኪናዋን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ከድሩ ሲጠይቅ ዝም ያልኩትም ፈርቼ ነው አልኩት። 

"ዮአብ ሲሰጠኝ ነግሮኝ ነበር፤ ይቺን በፎሌ እንዳትነዳት ብሎኛል" አለ ዘርሁን።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብቻዬን ስነዳ አድርጌ አላውቅም። እርስዎ ግን ስለ ጋሽ መኮንን ሲያወሩ ደስ ይልዎት ነበር። ትልቅ ሰው ነዎት፤ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?"

በቅንነት ነው የነገረኝ፤ ሊወቅሰኝ አልፈለገም። እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። አምና ጭጋጉ ገለጥ ይበል ስላቸው፣ ዘርሁን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ጠበቀ። ያ የጭነት መኪና የተገለበጠው አራት ሰዓት ላይ ነው ተብሎ ነበር፤ ምጡ የጀመራት ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ። ዛሬ ጠዋትም ቁልፉን ይዞ ያየኝ የነበረው ምን እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝ። ቆዩ እንዳልል ነበር የፈራው። ብል ኖሮ ይቆይ ነበር። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም። አንዲት ነርስ ብቅ ብላ የብዙነሽ ሰው ማነው ስትል ሁለታችንም ተነሳን። ሴት ልጅ ናት፣ አልቅሳለች፣ እናትየዋም ተርፋለች አለች። ዘርሁን እዚያው በጉልበቱ ወደቀ። ሲነሳ ፊቱ ረጥቧል፤ እንደ ልማዱ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ ስሟን እርስዎ ያውጡላት" አለኝ።

"አይሆንም። አንተና ብዙነሽ የወደዳችሁትን አውጡ" አልኩት።

ደንገጥ ብሎ ፊቴን ፊቴን አየኝ።

"ተቆጡ እንዴ?"

"አልተቆጣሁም፣ ልጄ" አልኩት። "ፈርቼ ነው።"